ከኋላ ወንበር ሥር

ሀጂራ የሟች አባቷን መኪና ያወቀቻት በእግሯ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከሙሽራዋ ከአጎቷ ልጅ ከሱሃይላ ጎን በነጯ ቮልስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ ፀጉር ቤት ስትሄድ፣ የሚነዳው የሙሽራው ጓደኛ ፍሬዘር ጉድጓድ ለመሳት መሪውን ሲጠመዝዝ እግሯ ተንሸራተተና ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ አረፈ። ከአዲሱ ምንጣፍ ሥር አንድ ነገር ጎረበጣት። ጫማዋን ቀስ ብላ አውልቃ በባዶ እግሯ ዳሰሰችው። ግማሽ ጨረቃ የመሰለ፣ ጠርዙ በደንብ ያልተሞረደ የብየዳ ጠባሳ ነው። ወለሉ በዝገት ሲበሳ አባቷ አብዱልመናን ቁራጭ ላሜራ ያስበየደበት ቦታ ነው፤ እሷና ወንድሟ ፈሪድ ልጆች ሳሉ፣ አባታቸው ለጨርቅ ንግዱ ሻሸመኔ ይዟቸው ሲወርድ፣ እግር የማሳረፊያው ተራ የኔ ነው የኔ ነው እየተባባሉ ሲገፋፉበት የኖሩበት ጉብታ። መኪናዋ ያኔ አረንጓዴ ነበረች። አሁን እንደ ወተት ነጭ ሆናለች፤ ወንበሯ ቆዳ ለብሷል፤ መከላከያዋ ያብረቀርቃል። እግር ግን በቀለም አይታለልም።

ሱሃይላ ስለ ፀጉር ቤቱ ታወራለች። ሜካፑ ብቻ ስምንት ሺህ ብር መሆኑን፣ ፀጉሩ ለብቻ መሆኑን፣ እናቷ ሰምታ በዚህ ገንዘብ ሁለት በግ ይገዛ ነበር ማለቷን። ሀጂራ እየሰማች አልነበረም። አባትሽ ይቺን መኪና ከማን ገዛት ብላ ጠየቀቻት። ሱሃይላ ትከሻዋን ነቀነቀች። ከሻሸመኔ ነው ይላል፤ እኔ ዘመናዊ መኪና እንከራይ ብዬ ነበር፣ እሱ ግን አሁን ፋሽኑ አሮጌ መኪና ነው ብሎ ድርቅ አለ። ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት አሮጌ መኪና ለሚሰበስብ ለአንድ የቢሾፍቱ ሰው ሊሸጣት ነው፤ ለአንድ ቀን ብቻ ነው የኔ የምትሆነው አለችና ሳቀች። ሀጂራም አብራት ሳቀች። ያ ሳቅ ከየት እንደመጣላት አላወቀችም።

ፀጉር ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ፍሬዘር አበባ ሊጭን የፊቱን ክዳን ከፈተ፤ የቮልስ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት ነው። ሀጂራ አበባውን ላቀብልህ ብላ ተጠጋች። ከተጠባባቂው ጎማ ጀርባ፣ ፋብሪካው የመኪናዋን ቁጥር ቀርጾ የለጠፋት ትንሽ ላሜራ ልትኖርበት በሚገባው ቦታ፣ ባዶ ብረት ነው ያለው። ሁለት ቀዳዳዎች በስቱኮ ተደፍነው በነጭ ቀለም ተቀብተዋል። አባቷ ክዳኑን በከፈተ ቁጥር ያቺን ላሜራ በጨርቅ ይወለውላት ስለነበር ቦታዋን አትስትም። ሱሃይላን ወደ ውስጥ አስገባቻት፤ ግንባሯን ሳመቻት፤ መጣሁ ብላ ወጣች። አልተመለሰችም።

በእግሯ ወደ ፖሊስ ጣቢያው አቀናች። ከሁለት ዓመት በፊት፣ የአባቷ ሰደቃ በተበላ ማግሥት ነው አረንጓዴዋ ቮልስ ከግቢው የጠፋችው። አጎቷ ጃዕፈር ድንኳኑ ገና ሳይፈርስ፣ ጎረቤቱም ዘመዱም ተሰብስቦ ባለበት ተነስቶ ቆመ። ቁልፉ ያለው ፈሪድ እጅ ብቻ ነው አለ። ልጄ ነው፣ የወንድሜ ደም ነው፣ ግን እኔ የሰው ሐሜት ውስጥ አልገባም፤ ሕግ ያጣራው አለ። ከዚያ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። ፈሪድ ሦስት ሳምንት ታስሮ ማስረጃ ሲጠፋ ተለቀቀ። ከእስር ሲወጣ ግን ሰላም የሚለው ሰው አላገኘም፤ ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ ሳጥኑን ይቆልፋል። በወሩ ሻሸመኔ ወርዶ ጎማ ቤት ተቀጠረ፤ ከዚያ ወዲህ አዳማን አልረገጣትም። እናቱ ወይዘሮ ዋፊቃም ስሙን አንስታ አታውቅም። ሀጂራ ያኔ ቢሾፍቱ አበባ እርሻ ውስጥ ትሠራ ስለነበር እሁድ እሁድ ብቻ ትመጣለች፤ በመጣች ቁጥር የወንድሟን ነገር ስታነሳ እናቷ ተነስታ ዕቃ ታጥባለች። የሚኖሩት በጃዕፈር ግቢ፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ ባሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው። ሀጂራ የእናቷን ዝምታ እንደ ፍርድ ቆጥራው ነበር። እናት ልጇን ሌባ ነው ብላ አመነች ብላ ነበር የደመደመችው።

የፖሊስ ጣቢያው መርማሪ ሳጅን ዘገዬ አልረሳትም። ከአዲስ አበባ ተቀይሮ የመጣ፣ ፀጉሩ ግማሽ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ፈሪድን የያዘውም የመረመረውም እሱ ነበር። እስክትጨርስ ሰማትና ስለ ብየዳው እግርሽ የነገረሽ ለአንቺ ይበቃ ይሆናል፣ ለፍርድ ቤት ግን አይበቃም አላት። ላሜራዋም በአሮጌ መኪና ላይ ብትጠፋ ብዙ አይገርምም፤ ስትቀባም ስትቀጠቀጥም ትነቀላለች። ነጭ ቮልስ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለችም። ከዚያ ግን ስልኩን አንስቶ የተሽከርካሪ ምርመራ ባለሙያውን ሁንዴን ጠራው።

ሁንዴ ወዲያው መጣ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ወጣት ነው። አካም ቡልቴ ብሎ እጇን ጨበጣት፤ ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ ላይ የሥራ ፍቅር ብቅ አለ።

«ላሜራዋን ማንም በመፍቻ ይነቅላታል፣ ሞተሩንም ይቀይረዋል» አላት። «የቮልስ ዋናው ቁጥሯ ግን ከኋላ ወንበር ሥር ነው ያለው። በመሐሏ በሚያልፈው ብረት ላይ ተመትቷል። እሱን ለማጥፋት መኪናዋን ማረድ ነው። ቢፍቁት እንኳ መፋቁ ይታወቃል።»

የአባቷ መኪና ቁጥር በድሮው የስርቆት መዝገብ ላይ አለ። ማመሳከር ብቻ ነው የቀረው። ሁንዴ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ መኪናዋ አሁን ፀጉር ቤት በር ላይ ከሆነች አሁኑኑ ሄደን ወንበሩን እናንሳ፣ ማንም ሳያየን በሩብ ሰዓት እናውቀዋለን አለ። ሀጂራ አይሆንም አለች። እዚያ ያለው ሾፌሩ ብቻ ነው፤ አጎቴ የለም፤ ሲሰማ ሌላ ነገር ይፈጥራል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙሽራው ሲመጣ ሁሉም ሰው ግቢው ውስጥ ይሆናል፤ እሱም ከመኪናዋ አጠገብ ይቆማል፤ ያኔ ኑ። ይህን ስትል ድምጿ የረጋ ነበር። ሳጅን ዘገዬ ለረጅም ጊዜ አያት። የምትፈልገው ማመሳከሩን ብቻ እንዳልሆነ ገብቶታል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብዕር አዟዟረና፣ ያንን ልጅ እኔ ነኝ ሦስት ሳምንት እዚህ ያሳደርኩት አለ፤ እንደ መልስም እንደ ኑዛዜም አልነበረም። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት እንመጣለን አላት።

ግቢው ስትመለስ ድንኳኑ ተወጥሮ አልቋል። ኪራዩ ከዓምና እጥፍ ሆኗል እያሉ ሴቶቹ ያወራሉ፤ የሽንኩርቱን ዋጋ፣ የዘይቱን ዋጋ፣ በሬው ከመተሐራ መምጣቱን። ጃዕፈር ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ወንበር ያስደረድራል። ሲያያት፣ ሀጂራ፣ ልጄ፣ ሱሃይላን አደረስሻት? አላት። አደረስኳት አለችው። አላህ ይስጥሽ አላት። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ ጫማው አዲስ ነው፤ ጢሙን ሂና ተቀብቷል። ከዚህ ሰው እጅ ስንት ጊዜ የኢድ ልብስ ተቀብላለች። እያንዳንዱን ልብስ አሁን ከላይዋ ቀድዳ ብትጥለው ደስ ይላት ነበር። ፈገግ አለችለትና ወደ ጓሮ አለፈች።

እናቷ ሰርቪሱ ክፍል ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰሃን ትወለውላለች። ክፍሉ ውስጥ ያለው አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ጥግ ላይ የተደረደሩ ጀሪካኖችና የአባቷ ፎቶግራፍ ነው። ሀጂራ በሩን ዘግታ ሁሉንም በሹክሹክታ ነገረቻት። ዋፊቃ ሰሃኑን መወልወል አላቆመችም። ሲደርቅ ደግማ ወለወለችው። በመጨረሻ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችውና ቀና አለች።

«ሰኞ አድርጊው» አለች። «ልጅቷ ምን አደረገች?»

«ፈሪድስ ምን አድርጎ ነበር?»

«ሀጂራ፣ ሱሃይላን ተያት። እሷ...» ብላ ልትቀጥል ስትል በሩ ተንኳኳ። የጃዕፈር ሚስት ናት፤ ቢላዋ አነሰን ብላ ነው። ዋፊቃ አፏን ዘጋች። ከቁም ሳጥኑ ሥር ሁለት ቢላዋ አውጥታ ተከትላት ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ብቻዋን አልተገኘችም። ሀጂራ ልብሷን ቀይራ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ሰላጣ ከተፈች። ጥፋት እንደሌለባት፣ የሚያስቸኩል ጉዳይም እንደሌላት ሰው ነበር የምትከትፈው። የእናቷ ልመና ልቧን አላራራውም፤ እንዲያውም አጠነከረው። ለገዛ ልጇ ያላሰማችውን ቃል ለጃዕፈር ልጅ ታሰማለች ብላ አሰበች።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጥቂት ሲሆን ሙሽራው ደሊል ከአጃቢዎቹ ጋር ደረሰ። ጥሩምባው፣ ድቤው፣ እልልታው ግቢውን ሞላው። ቮልሷ በር ላይ በነጭና በሐምራዊ አበባ ተሸፍና ቆማለች። ሱሃይላ ከፀጉር ቤት ስትመለስ ሀጂራን ፈልጋ ነበር፤ ሀጂራ ግን ከማድ ቤት አልወጣችላትም። አሁን ሙሽሪት በአባቷ ክንድ ተደግፋ ወጣች፤ ቀሚሷ የመኪናዋን የኋላ ወንበር ሙሉ በሙሉ ሞላው። ፍሬዘር ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ሳጅን ዘገዬ ከመኪናዋ ፊት ቆመና እጁን አነሳ። ሁንዴ ከኋላው ቦርሳውን ይዟል።

ድቤው ወዲያው አልቆመም። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ አጃቢዎቹ የሚከፈል ነገር የተጠየቀ መስሏቸው ኪሳቸውን ዳሰሱ። ሳጅኑ ግን መታወቂያውን አሳይቶ የባለቤትነት ሊብሬውን ጠየቀ። ጃዕፈር አልደነገጠም። ሊብሬውን ከውስጥ ኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀበለው፤ ከሻሸመኔ ባለፈው ወር የገዛኋት ናት፣ ሁሉ ነገር ሕጋዊ ነው አለ። ሁንዴ የፊቱን ክዳን ከፍቶ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በጣቱ ዳሰሰ። ላሜራዋስ አለ። ስትቀባ ጠፍታ ይሆናል፣ አሮጌ መኪና አይደለች አለ ጃዕፈር። ሁንዴ ራሱን ነቀነቀና የኋላ ወንበሩ ይነሳ አለ። ያኔ ነው ድቤው የቆመው።

ጃዕፈር ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሰኞ ጠዋት እኔው ራሴ ይዣት እመጣለሁ፣ ዛሬ የልጄ ቀን ነው አለ። ሳጅን ዘገዬ ወደ ድንኳኑ ዞሮ ሀጂራን ፈለጋት። ሰኞ ይሁን ካልሽ ሽማግሌዎቹን ዋስ አስፈርሜ አጎትሽን ልለቃቸው እችላለሁ፣ ምን ትያለሽ አላት። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ጃዕፈርም አያት። ፊቱ በአንድ ጊዜ አረጀ። ወደ እሷ ተጠግቶ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሀጂራ፣ ልጄ፣ የእህትሽ ቀን ነው። የፈለግሽውን አደርጋለሁ።»

«ሕግ ያጣራው፣ አጎቴ» አለች ሀጂራ። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም።

ሱሃይላን ከመኪናዋ አስወረዷት። ቀሚሷ በሩ ላይ ተይዞ ትንሽ ተቀደደ። ሁንዴ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ በጉልበቱ ገባ፤ ወንበሩን ነቅሎ አበባው ላይ አስቀመጠው፤ ምንጣፉን ገለበጠ። ከሥሩ ያለው ብረት በወፍራም ሬንጅ ተለብጧል። አንድ ሰው ሆን ብሎ ነው ይህን ያህል የለበጠው አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። ጨርቅ ቤንዚን ውስጥ ነክሮ ጠረገ፤ በሽቦ ብሩሽ ፈተገ፤ እንደገና ጠረገ። የቤንዚን ሽታ ከሽቶው ጋር ተቀላቀለ። ከዚያ ጠመኔ አውጥቶ ብረቱ ላይ ሲያሸው ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ነጭ ሆነው ብቅ አሉ። አልተፋቁም፤ የደበቃቸው ሰው ሬንጁን በቤንዚን የሚያጥብ ይኖራል ብሎ አላሰበም። ሁንዴ ጮክ ብሎ አነበበ። ሳጅን ዘገዬ መዝገቡን ገልጦ በጣቱ ተከተለ። መጨረሻው ቁጥር ላይ ሲደርሱ ሳጅኑ መዝገቡን ዘጋ። በሊብሬው ላይ ያለው የሌላ፣ ምናልባትም ተገጭታ የተጣለች ቮልስ ቁጥር ነው፤ ይቺኛዋ የሟች አብዱልመናን መኪና ናት አለ።

ጃዕፈር ያኔ ነው የተሳሳተው። ፈሪድ ነው የሸጠልኝ አለ። ሰርቆ ሸጠልኝ፣ የቤተሰብ ነውር እንዳይወጣ ብዬ ደበቅኩ አለ። ሳጅን ዘገዬ ድምፁን ሳይለውጥ መለሰለት፤ አሁን ከሻሸመኔ ባለፈው ወር ገዛኋት ብለውኛል፤ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ቢሮዬ እየተመላለሱ ሌባውን ለምን ለቀቅከው ሲሉኝ ነበር። እንግዲህ የትኛውን ልጻፍ?  ከሽማግሌዎቹ አንዱ አስተግፊሩላህ አለ፤ ሌላው ከጎኑ ተነስቶ ሌላ ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ሀጂራ የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አየች። በአባቷ ሰደቃ ዕለት እዚያው ድንኳን ውስጥ የነበሩት ናቸው፤ ፈሪድ ሲያልፍ ፊታቸውን ያዞሩት ናቸው። አሁን የሚያዞሩት ከጃዕፈር ነው። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲፈታ ተሰማት። ደስታ ነው፤ ሌላ ስም ልትሰጠው አልፈለገችም። አጎቷ ግራጫ ሱፉን እንደለበሰ በሳጅኑ ፊት ሲራመድ፣ አዲሱ ጫማው ጭቃ ሲረግጥ፣ እያንዳንዱን እርምጃውን ጠጣችው። ሱሃይላ አጠገቧ መጥታ እስክትቆም ድረስ አላየቻትም።

ሙሽሪት አላለቀሰችም። ሜካፑም እንዳለ ነው። በእጇ የተቀደደውን የቀሚሷን ጫፍ ይዛለች።

«ጠዋት አጠገቤ ተቀምጠሽ አውቀሻል» አለች። «ያኔ ብትነግሪኝ ወርጄ በእግሬ እሄድ ነበር። ከነቀሚሴ።»

 የደሊል አክስቶች ከአጃቢ መኪናዎቹ አንዱ ይዘጋጅ፣ አበባው ይዛወር እያሉ ሲጨቃጨቁ ሱሃይላ አልጠበቀቻቸውም፤ ወደ አስፋልቱ ወጥታ የሚያልፍ ባጃጅ አስቆመች። ቀሚሷ አልገባ ብሎ ደሊል ከሥሩ ጠቅልሎ ገፋላት፤ ከዚያ እሱም ጎኗ ተጨናንቆ ተቀመጠ። ባጃጁ ሲሄድ የዓይነ ርግቧ ጫፍ በጎን በኩል ወጥቶ ይውለበለብ ነበር። እልልታ አልተሰማም።

አመሻሽ ላይ ግቢው ውስጥ የቀሩት ወንበር የሚሰበስቡት ብቻ ናቸው። ማንም ያልነካው ሥጋ በትልልቅ ሰፌድ ተከድኖ ዝንብ ይዞረዋል። ከትልቁ ቤት የጃዕፈር ሚስት ለቅሶ ይሰማል፤ ሰው ልካ ሰርቪሱን እንዲለቁ ነግራቸዋለች። ቮልሷ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ለአብዱልመናን ወራሾች እንድትመለስ ገና ፍርድ ቤቱ መወሰን አለበት። ዋፊቃ አልጋው ጫፍ ላይ ናት። ሀጂራ ስልኳን አውጥታ ለፈሪድ ደወለችና ሁሉንም ነገረችው። ከኋላው ጎማ የሚነፋው ማሽን ይጮሃል። ያለቅሳል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ወይም ይስቃል ብላ።  ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ሱሃይላስ በምን ሄደች?»

«በባጃጅ።»

ማሽኑ ቆመ።  ከዚያ፣ ጣቢያ እያለሁ ምግብ የምታመጣልኝ እሷ ነበረች አላት። በየቀኑ። በደብተር ቦርሳዋ ደብቃ። አባቷ ቢያውቅ ይገድላት ነበር። ሌላ ማንም አልመጣም። ሥራ አለኝ ብሎ ስልኩን ዘጋው፤ በቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የከፋባት።

ሀጂራ ወደ እናቷ ዞረች። ሱሃይላ ለፈሪድ ምግብ ታደርስለት እንደነበር ታውቂ ነበር ወይ አለቻት። ዋፊቃ የጠወለገውን እጇን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«የምሠራው እኔ ነበርኩ» አለች። «ይዛ የምትወጣው እሷ።»

«ለኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ እሁድ እሁድ ትመጫለሽ፤ ትሳደቢና ትሄጃለሽ። እዚህ የምንኖረው እኛ ነን።»

ዋፊቃ ተነስታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና ለኢድ የምትለብሰውን ቀሚስ አወጣች፤ ለልጇ ጀርባዋን ሰጥታ ለበሰች። ከማድ ቤት በሰሃን ምግብ ጨልፋ፣ በሌላ ሰሃን ከድና፣ በጨርቅ ቋጠረችው። የደሊል ቤት ያለው ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ነው፤ በእግር ለሚሄድ ሩቅ ነው። ሻሿን አሰረች፤ ጫማዋን ከአልጋው ሥር ፈልጋ አደረገች። ሀጂራም ሳታስበው ነጠላዋን አንስታ ቆማ ነበር። ዋፊቃ በሩ ላይ ደርሳ ቋጠሮውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች፣ ሀጂራን አየቻት፣ ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ነይ አላለቻትም።